«ደንብ ታቦት አይደለም»፦ የዕድራችን አንቀጽ 19 ክርክር

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
እሁድ ስብሰባ ላልመጣችሁ ጎረቤቶች ነው የምጽፈው። ኮሙናል ውስጥ በተደረገው የዕድር ስብሰባ «ተከራይ አባል መዋጮ ይከፍላል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም» ተብሎ ተወስኗል። አባላቱ ከ120 በላይ ነን። የተገኘው ሰው ሠላሳ አይሞላም። እኔ ተከራይ ነኝ። የካ አባዶ ከገባሁ ጀምሮ መዋጮዬን አንድም ወር አላሳለፍኩም። የስንቱ ለቅሶ ላይ ሽንኩርት ልጫለሁ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ ውሃ ተሸክሜ ወጥቻለሁ። እንዴት እንዲህ ይደረጋል ብዬ ብጠይቅ ጸሐፊያችን «ደንብ ታቦት አይደለም፤ የተለወጠውም በደንቡ መሠረት ነው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። በጣም ነው የከፋኝ።

ለማታውቁት፣ የድሮው አንቀጽ 19 «ይህ ደንብ የሚሻሻለው ከጠቅላላው አባል ሁለት ሦስተኛው ሲስማማ ነው» ይል ነበር። አምና ሐምሌ ላይ ሰው ስብሰባ አይመጣም ተብሎ ቤት ለቤት ፊርማ ተሰበሰበ። በዚያ ፊርማ አንቀጽ 19 ራሱ ተቀየረ። አሁን «በስብሰባው ከተገኙት ከግማሽ በላይ ሲደግፉ» ነው የሚለው። እሁድ የተደረገው በዚህ በአዲሱ ነው።

ጸሐፊው፦
እህቴ፣ ከተናገርሽ ሙሉውን ተናገሪ። አምና ፊርማው ሲሰበሰብ አንቺም ፈርመሻል። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ። ሁለት ሦስተኛው ሞልቶ ነው አንቀጹ የተቀየረው፤ ማንም ማንንም አላታለለም። እሁድ 28 ሰው ተገኘ፣ 17ቱ ደገፈ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? ድንኳን ሲቀደድ፣ ወንበር ሲጎድል የሚጠየቀው ኮሚቴው ነው። ተከራይ ቤት ሲለቅ ዕዳውን ጥሎ የሄደበት ጊዜ አለ፣ ታውቂዋለሽ። ይህን የምለው ሰው ለመናቅ አይደለም። ደንብ ለሰው ነው የተሠራው። ታቦት አይደለም፣ አይነካም አይባልም።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
የፈረምኩት ስብሰባ እንዳይስተጓጎል ብዬ ነው። ድምፄን አሳልፌ ልሰጥ አልፈረምኩም።

ሕግ ተማሪ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። «በደንቡ መሠረት» ብቻ ማለት አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ ስለ ማሻሻያ የሚናገረው አንቀጽ 105 ላይ ነው። ለአብዛኛው ድንጋጌ የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መወሰን አለበት፤ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ማጽደቅ አለባቸው። ምዕራፍ ሦስት ላይ ያሉት መብቶች ሲሆኑ ግን ይጠብቃል። ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። በዚያው በጠበቀው ዝርዝር ውስጥ የማሻሻያ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀርብ የሚናገረው አንቀጽ 104 እና አንቀጽ 105 ራሱም ተጠቅሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማሻሻያው አንቀጽ በቀላሉ የሚሻሻል ቢሆን ኖሮ መብቶቹን ማጥበቁ ምንም ዋጋ አይኖረውም። መጀመሪያ አንቀጹን ማላላት፣ ከዚያ የፈለጉትን መብት በትንሽ ድምፅ ማንሳት ይቻላል። እኛ ዕድር ውስጥ የሆነው ይኸው ነው።

ጸሐፊው፦
ልጄ፣ አንቀጽ 19ን በቀላሉ አላሻሻልነውም። እርሱ ራሱ የሚጠይቀውን ሞልተን ነው። ሁለት ሦስተኛ አለ፣ ሁለት ሦስተኛ አመጣን። አንተ የጠቀስከው አንቀጽ 105ም ቢሆን መስፈርቱን ካሟላችሁ እኔንም አሻሽሉኝ ነው የሚለው። ታዲያ ጥፋታችን የቱ ላይ ነው?

ዲያቆን፦
ጣልቃ ስገባ ይቅርታ። ከጠዋት ጀምሮ ታቦት፣ ታቦት እየተባለ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ታላቅ ሰው ነዎት፣ ነገር ግን የዕድር ወረቀትና ታቦት በአንድ ዓረፍተ ነገር ባይገቡ ጥሩ ነው።

ጸሐፊው፦
ዲያቆን፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። አይነካም ለማለት አባቶቻችን የሚሉትን ነው ያልኩት።

ባለ ሱቁ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አባባሉንም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ ማንንም አይነካም። ይልቅ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። እኔ ሱቁንም ቤቱንም የያዝኩት በኪራይ ነው። አባቴ ሲሞት ዕድሩ ድንኳኑን ሱቄ በር ላይ ተክሎ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ተቀምጧል። ያን ቀን ተከራይ ነህ ያለኝ የለም። ዛሬ ነው ወይ ተከራይ የሆንኩት?

ብሎክ 41፦
ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደንብ ራሱን መለወጥ ይችላል ወይ? እዚሁ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጨዋታ አለ። ኖሚክ ይባላል። ፒተር ሱበር የሚባል አሜሪካዊ የፍልስፍና መምህር ነው የፈጠረው። እ.ኤ.አ. በ1982 ዳግላስ ሆፍስታተር ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ በነበረው ዓምዱ አውጥቶት ነው ሰው ያወቀው። ተራህ ሲደርስ አንድ የደንብ ለውጥ ታቀርባለህ። ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ ዳይስ ትጥላለህ፣ የወጣው ቁጥር ነጥብህ ላይ ይደመራል። 100 የሞላለት ያሸንፋል። ያ 100 የሚለው ደንብም ይለወጣል። ድምፅ የሚሰጥበት ደንብም ይለወጣል።

የእኛን የሚመስለው ደንብ 203 ነው። መጀመሪያ ላይ ለማንኛውም ለውጥ የሁሉም ተጫዋች ስምምነት ያስፈልጋል። ተራው ሁለቴ ዞሮ ሲያልቅ ግን ይህ ደንብ ካልተሻሻለ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃል። ስለዚህ ጋሼ በዚህ ትክክል ናቸው። መስፈርት ዝቅ ማድረግ በራሱ ወንጀል አይደለም።

ጸሐፊው፦
ይኸው! የተማረ ሰው መሰከረ።

ብሎክ 41፦
አልጨረስኩም ጋሼ። ጨዋታው ሲጀመር ደንቦቹ በሁለት ይከፈላሉ። ከ101 እስከ 116 ያሉት የማይለወጡ ናቸው። ከ201 እስከ 213 ያሉት ተለዋዋጭ ናቸው። 203 ከተለዋዋጮቹ ነው። «እያንዳንዱ ተጫዋች ድምፅ አለው» የሚለው ግን ደንብ 105 ነው፣ ከማይለወጡት ውስጥ። እርሱን መንካት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ደንቡን ወደ ተለዋዋጮቹ ማውረድ አለበት። ለዚያ ደግሞ ደንብ 109 የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። የሁሉንም ማለት ድምፁን የሚነጠቀውንም ሰው ማለት ነው። እርሱ እጁን ካላወጣ አይሆንም። በስንት ድምፅ እንወስን የሚለው ዝቅ ሊል ይችላል። ማን ይወስን የሚለው ሌላ ነገር ነው። እሁድ የተነካው ሁለተኛው ነው።

ጸሐፊው፦
ለቅሶን ከዳይስ ጋር ታወዳድራለህ? እኛ የምናስተዳድረው የሰው ሐዘን ነው። ጨዋታ አይደለም።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ጨዋታ ውስጥ እንኳን ሰው ድምፁን እሺ ሳይል አይነጠቅም። ሐዘን ከሆነማ የበለጠ መጠንቀቅ ነበረብን።

ብሎክ 12፦
የድንኳኑ ነገር ከተነሳ፣ ባለፈው ወር ለሠርግ የተከራየው ገንዘብ የት ገባ? እርሱን ማንም አይጠይቅም።

ጸሐፊው፦
ደረሰኙ ገንዘብ ያዥ ጋ ነው። መጥተህ እይ። በየክርክሩ እየገባህ ስሜን አታንሳ።

ብሎክ 12፦
ስምዎን አላነሳሁም።

መምህርት፦
እስቲ ተረጋጉ። እኔ ስለ ልጆች ልናገር፣ የማውቀው እርሱን ነው። ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ ኑሻቴልና ጄኔቭ ውስጥ ከልጆች ጋር ብይ እየተጫወተ ደንባቸውን ይጠይቃቸው ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1932 ነው የታተመው። ትንንሾቹ ደንብ አይነካም ይላሉ፤ ከትልቅ ሰው ወይም ከፈጣሪ የመጣ ይመስላቸዋል። የሚገርመው ግን እነዚሁ ልጆች ሲጫወቱ ደንቡን አይጠብቁትም። አሥር ዓመት አልፏቸው ከፍ ሲሉ ደንብ የስምምነት ነገር እንደሆነ ይገባቸዋል። ሁሉም ከተስማማ መለወጥ እንደሚቻል ያውቃሉ። ያኔ ነው አጥብቀው የሚጠብቁት።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከብሎካችን ሥር፣ ሮቶው አጠገብ፣ ልጆች ብይ ይጫወታሉ። ሰሞኑን አንዱ ትልቅ ልጅ ብዮቹን ጨረሰ። የቀረችው አንድ ናት። ተነሥቶ «ከአሁን በኋላ የማዶ ብሎክ ልጅ አይወረውርም» አለ። ሁለት ጓደኞቹ እሺ አሉት። የማዶዎቹ ልጆች አልተጣሉም፣ አልጮኹም። ጎንበስ ብለው ብዮቻቸውን ለቀሙ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ሄዱ። ትልቁ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቀረ። የሚበላው ብይ ግን አልነበረም። ጉድጓዷ ዳር ትንሽ ቆመው ተበተኑ።

ጋሼ፣ ደንብ ታቦት አይደለም ያሉት ልክ ነው። ትልልቆቹ ልጆች የሚያውቁት እርሱን ነው። ነገር ግን የሚለወጠው በሁሉም ስምምነት መሆኑንም ያውቃሉ። እርስዎ የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን ጣሉት።

ጸሐፊው፦
መውጣት የፈለገ መውጣት ይችላል። ዕድር በግድ አይደለም።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
እንዲህ ነው እንጂ! በመጨረሻ ወጣ። «መውጣት የፈለገ መውጣት ይችላል»። ጎረቤቶች፣ ይህን አንብቡት።

ባለ ሱቁ፦
እኔም አነበብኩት። ጋሼ፣ እርስዎ ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ማን ተራ ገብቶ እንዳደረ አይርሱ። ተከራይ ነበር።

ጸሐፊው፦
አልረሳሁም። ልረሳም አልችልም። ስለ ውለታ አይደለም የምናገረው፣ ስለ ኃላፊነት ነው። ቃሌን አታጣሙ።

ኳስ ወዳድ፦
እኔ በጋሼ በኩል ነኝ። ተጫዋች ሁሉ ደንብ ያወጣል የሚል ሕግ የለም። የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ኢፋብ ነው። 8 ድምፅ አለው። 4ቱ የፊፋ ነው። የቀሩት አራቱ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ናቸው። ለለውጥ 6 ድምፅ ያስፈልጋል። ብራዚል በስሟ አንድ ድምፅ የላትም። ስንት ዋንጫ የበላች አገር! ነገር ግን ትጫወታለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በረኛ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ሲከለከል ማን በረኞችን ጠየቀ? ከልክለው ጨዋታው አማረ። ኃላፊነት ያለው ይወስናል፣ የቀረው ይጫወታል።

ጸሐፊው፦
እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ይህን ነው ለማለት የፈለግኩት።

ሕግ ተማሪ፦
ብራዚል በፊፋ በኩል አለችበት እኮ። ፊፋም ብቻውን 6 አይሞላም፣ አራቱም ብቻቸውን አይሞሉም፤ የግድ መነጋገር አለባቸው። ደግሞ የበረኛው ሕግ በጨዋታ መሐል፣ እየተመራ ባለ ቡድን ጥያቄ አልመጣም። ለሁሉም በረኛ እኩል ነው የመጣው። እሁድ የወጣው ደንብ ለማን ነው? ለአንድ ወገን ብቻ ነው። ያወጡት ደግሞ የማይነካቸው ሰዎች ናቸው።

ኳስ ወዳድ፦
ሁሌ መልስ አላችሁ። ብራዚል በስሟ ድምፅ የላትም፣ አለቀ።

ብሎክ 12፦
ኢትዮጵያስ? የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ እኛ ነን።

ኳስ ወዳድ፦
ከዚያስ? መሥርተን የት ደረስን?

መምህርት፦
ወደ ዕድሩ እንመለስ እባካችሁ።

ጡረተኛው፦
ሁላችሁንም ሳዳምጥ ቆየሁ። እኔ ደንብ ራሱን ይለውጣል የሚለውን አላምንም። በዕድሜዬ አላየሁም። የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ማን አሻሻለው? መስከረም 1967 ላይ ደርግ መጣ፣ አገደው፣ አለቀ። በኋላ የመጣው የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዘመን የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም በራሱ የማሻሻያ አንቀጽ አይደለም የሄደው። ደንብን የሚለውጠው ጉልበት ነው፤ ወረቀቱ በኋላ ይጻፋል። እሁድም የሆነው ያው ነው። አሥራ ሰባት ሰው ጉልበት አገኘ፣ ተጠቀመበት።

ጸሐፊው፦
እኔን ከደርግ ጋር? ለዚህ ዕድር ደሜን የሰጠሁ ሰው?

ጡረተኛው፦
አንተን አላልኩም፣ መንገዱን ነው ያልኩት።

ሕግ ተማሪ፦
አባባ፣ ደንብ አንድ ፊደል ሳይነካም ይለወጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ የተዘረዘሩት ክልሎች ዘጠኝ ናቸው። ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው። አንቀጽ 105 ላይ አንድም ቃል አልተቀየረም፤ «ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች» ነው አሁንም የሚለው። ሥራው ግን ከብዷል። መጀመሪያ የዘጠኝ ምክር ቤቶች ስምምነት ነበር የሚያስፈልገው፣ አሁን የ12 ነው። ለሌሎቹ ድንጋጌዎች ሁለት ሦስተኛው ስድስት ነበር፣ አሁን ስምንት ሆነ። ማንም አንቀጽ 105ን ላሻሽል ብሎ አልተነሣም። የሚቆጠሩት ሰዎች ሲለወጡ ደንቡ አብሮ ተለወጠ። ለዚህ ነው ማን ይቆጠር የሚለው ከሁሉ የሚከብደው። እሁድ አንቀጽ 19 አልተነካም፤ ተሰብሳቢው ነው የተነካው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ «ከተገኙት ከግማሽ በላይ» ማለት ሌላ ቁጥር ነው።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ይህን ነው መናገር ያቃተኝ። ተባረክ ወንድሜ።

መሥራች አባል፦
ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ፣ የምለውንም እየጻፈችልኝ ነው። የዚህ ዕድር የመጀመሪያው ደንብ የተጻፈው በሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። ያኔ ድንኳን አልነበረንም። ሸራ ለምነን ነበር። መጀመሪያ የቀበርነው ሰው ከታች ቤት ተከራይቶ የነበረ የቀን ሠራተኛ ነው። ዘመድ አልመጣለትም። እኛ ነበርን ዘመዱ። ያን ጊዜ ባለቤት፣ ተከራይ የሚባል ነገር ደብተሩ ላይ አልነበረም። «አባል» ነው የሚለው።

ስለ ራስ መለወጥ ከሆነ ደግሞ እኔ ከራሴ የማውቀው አለ። ሰው ለራሱ ደንብ ያወጣል። ሰው አላማም ይላል፣ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ያፈርሰዋል። ለምን? ያወጣውም የሚያፈርሰውም አንድ ሰው ነው። ልቤ ሲደክም ደንቡንም ያደክመዋል። ስለዚህ የንስሐ አባት አለኝ። እርሳቸው የሰጡኝን ቀኖና በራሴ አልቀንሰውም። ቢከብደኝ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ እርሳቸው አይተው ያቀሉልኛል ወይም አያቀሉልኝም። በተቆጣሁበት ሰዓት እኔው ዳኛ ብሆን ስንቱን በሰረዝኩት! ጸሐፊያችን፣ አንተን በልጅነትህ አውቅሃለሁ፣ ቅን ሰው ነህ። ግን በዕዳው ተናደህ ነው ይህን ያደረግኸው። ሰው ተናዶ ራሱ ላይ እንኳን ደንብ አያውጣ።

ጸሐፊው፦
እትዬ፣ እርስዎን አልመልስም። እጅ ነስቼ ነው የምሰማው። ግን ተናድጄ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈለ መዋጮ ዝርዝር አለኝ።

ብሎክ 41፦
እትዬ ያሉት ማሽን ላይም አለ። ዩርገን ሽሚድሁበር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 «የጎደል ማሽን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ራሱን በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። የሚወስንበትን ክፍል ሳይቀር መቀየር ይችላል። ነገር ግን ለውጡ እንደሚጠቅም አስቀድሞ በማስረጃ ካላረጋገጠ አንድ መስመር አይነካም። ማረጋገጫው የሚለካው ደግሞ ከለውጡ በፊት በነበረው መለኪያ ነው። እኛ ደግሞ ጠቀመ የምንለው በአዲሱ መለኪያ ነው። ጋሼ፣ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ስንቱ ተከራይ ነው? ስንቱ ባለቤት ነው?

ጸሐፊው፦
ዝርዝሩ እዚህ አይለጠፍም። የሰው ገመና ነው።

ብሎክ 41፦
ስም አልጠየቅኩም።

ዲያቆን፦
ከፋይና ያልከፈለ ይለይ ከተባለ እኮ ደንቡ ቀድሞም አለው። አንቀጽ 11 ሦስት ወር ያልከፈለ ድምፅ የለውም ይላል። ለባለቤትም ለተከራይም እኩል ነው። ለምን እርሱ አልተሠራበትም?

ኳስ ወዳድ፦
ይህ ነገር ልክ ነው። እኔ እንኳን አንቀጽ 11ን ረስቼው ነበር።

ጸሐፊው፦
አንቀጽ 11 ቢሠራ ግማሹ ኮሚቴ

ጸሐፊው፦
ይቅርታ፣ ሳልጨርስ ነው የተላከው። አንቀጽ 11 ቢሠራ ብዙ ቅሬታ ያስነሣል ለማለት ነው።

ብሎክ 12፦
ግማሹ ኮሚቴ ምን?

ባለ ሱቁ፦
ግማሹ ኮሚቴ ምን ጋሼ?

ጸሐፊው፦
ነገር አትቆስቁሱ። መፍትሔ ልንገራችሁ። የእሁዱ ውሳኔ ያልተዋጠለት አባል ለሚቀጥለው ወር አጀንዳ ያስይዝ። አዲሱ አንቀጽ 19 ክፍት ነው። ከተገኙት ከግማሽ በላይ ካገኛችሁ መልሱት። የድሮውንም ሁለት ሦስተኛ ከፈለጋችሁ መልሱት። ማን ከለከላችሁ?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ማን ከለከላችሁ? በእርስዎ ውሳኔ እኮ እኛ ተከራዮች እጅ ማውጣት አንችልም። ድምፃችንን ለማስመለስ ድምፅ ያስፈልገናል።

ጸሐፊው፦
የሚደግፏችሁ ባለቤቶች አሉ። መምህርትም አሉ። እነርሱ እጅ ያውጡላችሁ።

መምህርት፦
እኔ እጄን በደስታ አወጣለሁ። ግን ልብ በሉ፣ በአዲሱ አንቀጽ ድምፅ ሰጥተን ብናሸንፍ የእሁዱ ስብሰባ ትክክል ነበር ብለን ተቀበልን ማለት ነው። ያ ያስፈራኛል።

ሕግ ተማሪ፦
ይህንኑ ነገር አልፍ ሮስ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 አንሥቶታል። የዴንማርክ ሕገ መንግሥት የማሻሻያ አንቀጽ 88 ነው። ያ አንቀጽ ራሱን ተጠቅሞ ራሱን ሊሽር አይችልም አለ። አዲሱ ሥልጣኑን ያገኘው ከአሮጌው ነው፤ አሮጌው ደግሞ ከአዲሱ ጋር ይጣላል። ከሁለቱም በላይ ያልተጻፈ አንድ ደንብ መኖር አለበት ብሎ ነው የጨረሰው። በአንቀጽ 88 የተቋቋመውን ባለሥልጣን እርሱ ራሱ ተተኪ እስኪሰይም ድረስ ታዘዙ የሚል። ብዙ የሕግ ሰዎች አልተቀበሉትም፤ ሕግ በሥራ ሲለወጥ እናያለን፣ አልተሰናከለም ብለው። እኔ ግን በእኛ ጉዳይ ያልተጻፈው ደንብ የት እንዳለ አውቃለሁ። እትዬ ነገሩን። ደብተሩ ላይ «አባል» ነው የሚለው።

ጸሐፊው፦
ደብተሩ የት አለ? የማይታይ ደብተር እየጠቀሳችሁ በፊርማ የጸደቀ ደንብ አታፈርሱም።

መሥራች አባል፦
እኔ ጋ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ።

ጸሐፊው፦
ቢሆንም እትዬ፣ ያ ደብተር ከተሻሻለ ቆየ።

ባለ ሱቁ፦
በስንት ድምፅ ነው የተሻሻለው?

ጸሐፊው፦
በጊዜው በነበረው።

ሕግ ተማሪ፦
እኔ የምለው ይህ ነው። በአዲሱ አንቀጽ 19 ምንም አናስመልስ። አጀንዳ አናስይዝ። የእሁዱ ውሳኔ እንዳልተደረገ ቆጥረን ተከራዩም ባለቤቱም እንደ ድሮው እንሰብሰብ፣ ሁሉም እጁን ያውጣ። ቆጣሪው የተከራይን እጅ ካልቆጠረ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።

ጸሐፊው፦
ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ። በደንቡ መሠረት ነው የምጽፈው።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
በየትኛው ደንብ መሠረት?

ብሎክ 12፦
የድንኳኑን ደረሰኝም ይዛችሁ ኑ።

ኳስ ወዳድ፦
እኔ አሁንም በጋሼ በኩል ነኝ፣ በአንቀጽ 11 ካልሆነ በቀር። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?

ጸሐፊው፦
ስብሰባ አልተጠራም። የሚጠራው ኮሚቴው ነው፣ አንቀጽ 7ን አንብቡ።

ባለ ሱቁ፦
አንቀጽ 7 ከአባላቱ አንድ አራተኛው ከጠየቀም ይጠራል ይላል። ከነገ ጠዋት ጀምሮ የፊርማ ወረቀት ሱቄ ባንኮኒ ላይ ነው። ተከራይም ባለቤትም መጥቶ ይፈርም።

ጸሐፊው፦
የተከራይ ፊርማ ከአንድ አራተኛው ይቆጠር አይቆጠር ኮሚቴው ይወስናል።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
እኔ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የመጀመሪያዋ ፈራሚ ነኝ። ይቁጠሩትም አይቁጠሩትም።